መጀመሪያ ይጠየቁ፣ ኋላ ይነሱ

አንድ አዛውንት መርሳት ሲጀምሩ ቃሊቲ ላይ ምክሩ ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል፦ «ኤምአርአይ ይነሱ!» ጎረቤት ይለዋል፤ የዕድር ዳኛ ይለዋል፤ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን የሚደውለው ልጅ ይለዋል፤ ብሩን የሚልከው እሱ ስለሆነ ደግሞ የእሱ ቃል ይበልጥ ይደመጣል። አንዳንዴም ታካሚው ወንበሩ ላይ ሳይደላደሉ ሐኪሙ ራሱ ወረቀቱን ይጽፋል። ነገሩ ከመለመዱ የተነሳ «ቆይ እስኪ፣ ለምን?» የሚል ዘመድ በእናቱ ሕክምና የሚሰስት ይመስላል። በሽታው ያለው አንጎል ውስጥ ነው፤ አንጎልን የሚያሳየው ማሽኑ ነው፤ እንግዲያው በሽታውን የሚነግረን ማሽኑ ነው። ሲሰሙት ቀዳዳ የሌለው ሙግት ነው።

ቀዳዳው ግን ሰፊ ነው። የመርሳት በሽታን ከተራ እርጅና፣ ከሐዘን፣ ከመስማት ችግር የሚለየው የሰውየው ታሪክ ነው። ምስል የሚጠቅመው ከዚያ ታሪክ ለተነሳ ጥያቄ መልስ ሲሆን ነው። ያለ ጥያቄ የተነሳ ምስል ገንዘብ መብላቱ ሳያንስ ቤተሰብን ያሳስታል። ሲያሳስት ደግሞ የሚከፍሉት ራሳቸው አዛውንቱና አጠገባቸው ያለችው ደካማ የቤት ሠራተኛ ናቸው።

የወዲያኛውን ወገን ሙግት አላቃልለውም። እንዲህ ይላሉ፦ የመርሳት በሽታ መስሎ የሚመጣ፣ ግን በቀዶ ሕክምና የሚድን ነገር አለ፤ የአንጎል ዕጢ አለ፤ በራስ ቅልና በአንጎል መካከል የሚጠራቀም ደም አለ፤ በአንጎል ጓዳዎች ውስጥ የሚበዛ ፈሳሽ አለ። ይህን በዓይን ማየት አይቻልም። ሳይነሱ ቀርተው ቢሞቱ ማን ይጠየቃል? ደግሞስ ጥያቄና መልስ ያዳላል፤ የተማረው በቀላሉ ያልፈዋል፣ ፊደል ያልቆጠሩት ይወድቃሉ፤ ማሽን ግን የማንንም የትምህርት ማስረጃ አያይም። አሜሪካና አውሮፓ ሁሉም ይነሳል፤ የአቃቂ ሰው ሲሆን ነው እንዴ ወሬ በቂ የሚሆነው? መድኃኒቱም እየመጣ ነው፤ ቀድሞ ያልታወቀ ሰው ሊያመልጠው ነው። ከሁሉም በላይ ምስሉ ጭቅጭቅ ይዘጋል። «መተት ነው»፣ «ዓይነ ጥላ ነው»፣ «ሆን ብላ ነው» የሚለው ሁሉ ፊልሙ ሲዘረጋለት አፉን ይይዛል።

ጥሩ ሙግት ነው። አንዱ ክፍሉ እውነትም ነው፤ እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ከምርመራ ማዕከሉ የመጣውን ትልቅ ፖስታ እንክፈተው።

ፊልሙ አለ፤ ከፊልሙ ጋር አንድ ገጽ ውጤት አለ። ቤተሰቡ መሐሉን ዘሎ ወደ መደምደሚያው ይወርዳል። እዚያ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው «ከዕድሜ ጋር የሚሄድ የአንጎል መኮማተር» የሚል ነው። የ75 ዓመት ሰው አንጎል ከ30 ዓመት ሰው አንጎል ያንሳል። እንደ ሽበት ነው፤ በሚረሱትም በማይረሱትም ላይ ይወጣል። ታዲያ በብዙ ሺህ ብር የተገዛው ዜና ምንድን ነው? እናታችን አርጅተዋል የሚለው? እሱንማ ሳይነሱም እናውቅ ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ማሽኑ የላካቸውን ወረቀት እንየው። ስም አለ፣ ዕድሜ አለ። የሕመሙ ታሪክ በሚጻፍበት ቦታ አንድ ቃል አለ፦ «መርሳት»። መቼ ጀመረ? ቀስ እያለ ነው የመጣው ወይስ ባለፈው ሳምንት በድንገት? ወድቀው ነበር? አካሄዳቸው ተለውጧል? ሽንታቸውን ይቆጣጠራሉ? ምን ምን መድኃኒት ይወስዳሉ? የተጻፈ የለም። ምስሉን የሚያነበው ሐኪም ታካሚዋን አላያቸውም፤ ድምፃቸውን አልሰማም። በአንድ ቃል ተመርቶ ምን ፈልጎ ያንብብ? ያየውን ይጽፋል፤ ያየው እርጅና ነው።

የኤምአርአይን ቀዳሚ፣ የሲቲ ስካንን ልደት የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገርመዋል። የመጀመሪያዋ በሲቲ ስካን የተነሳች ታካሚ ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1971 ነው የተነሳችው። ሐኪሞቿ ግን ዝም ብለው አልላኳትም፤ መርምረዋት፣ በአንጎሏ የፊት ክፍል ዕጢ እንዳለ ጠርጥረው ነበር። ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ የሠራው ማሽን የተጠየቀውን መለሰ፤ ዕጢው ተጠርጥሮ በነበረበት ቦታ ተገኘ። ሰውየውም በ1979 ኖቤል ተሸለመ። ቴክኖሎጂው ሲወለድ ጀምሮ ከጥያቄ ጋር ነው የተወለደው። ጥያቄውን ጥለን ማሽኑን ብቻ ያስቀረነው እኛ ነን።

«የተሻለ ማሽን ቢኖር ግን ያሳይ ነበር» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ በአልዛይመር ቀድሞ የሚጎዳው ሂፖካምፐስ የሚባለው የትዝታ ክፍል በኤምአርአይ ተለክቶ መጠኑ ይታያል። የብዙ ታማሚዎችና የብዙ ጤነኞች አማካይ ሲነጻጸር ልዩነቱ ግልጽ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሲመጣ ግን የታማሚውና የጤነኛው መጠን ይደራረባል፤ ሂፖካምፐሳቸው የሳሳ ብርቱ አዛውንቶች አሉ፣ ያልሳሳባቸውም ታማሚዎች አሉ። ከዚያም ከፍ ያለ ምርመራ አለ፤ ፔት ይባላል። በደም ሥር ጨረር አፍላቂ ንጥረ ነገር ተሰጥቶ፣ አሚሎይድ የተባለው የአልዛይመር ፕሮቲን አንጎል ላይ ሲጠራቀም ያሳያል። ይሄኛውስ ይፈርድ ይሆን? እ.ኤ.አ. በ2015 የብዙ ጥናቶች ውጤት ተደምሮ ሲታይ፣ የማስታወስ ችሎታቸው ደህና ከሆኑ ሰዎች መካከል አሚሎይድ የተገኘባቸው በ50 ዓመት ዕድሜ 10 በመቶ ያህል፣ በ90 ዓመት ደግሞ 44 በመቶ ያህል ነበሩ። ደህና የሆኑት ናቸው እንግዲህ! ዴቪድ ስኖውዶን አሜሪካ ውስጥ በ678 መነኮሳት ላይ ባካሄደው የታወቀ ጥናት፣ ሲስተር ሜሪ የተባሉት መነኩሲት በ101 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ ፈተናውን በጥሩ ውጤት ያልፉ ነበር። ካረፉ በኋላ አንጎላቸው ሲመረመር የአልዛይመር ምልክት ሞልቶት ተገኘ። እኚህን ሴት በሕይወት ሳሉ ፔት አንስተናቸው ቢሆን ምን ልንላቸው ነበር? «ታመዋል፣ ግን አላወቁትም»?

አሎይስ አልዛይመር ራሱ በሽታውን ያገኘው በማሽን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1901 ፍራንክፈርት ሆስፒታል የገባችውን የ51 ዓመቷን አውጉስተ ዴተርን ፊት ለፊት ተቀምጦ ጠየቃት። ስሟን ጠየቃት፤ የባሏን ስም ጠየቃት፣ የራሷን ስም መለሰችለት። የምትበላውን እያሳየ ምን እንደሆነ ጠየቃት። መልሷን ቃል በቃል ጻፈ። አንጎሏን በማይክሮስኮፕ ያየው በ1906 ከሞተች በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ምን እንደሚፈልግ ያውቅ ነበር፣ ቀድሞ ጠይቋታልና።

አሁን እውነት ወዳልኩት ክፍል ልምጣ። አዎ፣ ካልታየ የሚገድል፣ ከታየ የሚድን ነገር አለ። የአሜሪካ የነርቭ ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው መመሪያ የመርሳት በሽታ የተጠረጠረበት ሰው በመጀመሪያው ምርመራ አንድ ጊዜ ሲቲ ወይም ኤምአርአይ ቢነሳ ተገቢ ነው ብሏል። ያንን መመሪያ አልክድም። እዚህ አገር ሐኪሙ፣ ማሽኑና ገንዘቡ ሞልቶ ቢሆን እኔም አልከራከርም ነበር።

ግን «የሚድን» የተባለው ስንት ነው? ክላርፊልድ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2003 የ39 ጥናቶችን ውጤት ሰብስቦ አሳተመ፤ ከ7,000 በላይ ታካሚዎች የተካተቱበት ነው። ሊመለስ የሚችል ምክንያት ያላቸው 9 በመቶ ነበሩ። በእርግጥ የተመለሰላቸው ግን ከአንድ በመቶም በታች፣ 0.6 በመቶ ያህል ነበሩ። ከእነዚያ «ሊመለሱ ይችላሉ» ከተባሉት ብዙዎቹ ደግሞ ምስል የሚያስፈልጋቸው አልነበሩም፤ ድብርት ነው፣ መድኃኒት ነው፣ የታይሮይድ ማነስ ነው፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ነው። ይህ በጥያቄና በደም ምርመራ ይገኛል። አንድ እናት እንቅልፍ እንዲወስዳቸው ወይም እግራቸውን እንዳያቃጥላቸው ተብሎ አሚትሪፕቲሊን ታዘዘላቸው እንበል፤ ከዚያ ወዲህ ቀን ከሌት ተምታታባቸው። የትኛው ፊልም ላይ ነው ይህ የሚታየው? በፌስታል ያመጡትን ክኒን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፎ ማየት ነው እንጂ።

የቀሩት፣ በእርግጥ ምስል የሚፈልጉት፣ በራሳቸው ምልክት ያስታውቃሉ። ከሦስት ሳምንት በፊት መታጠቢያ ቤት ያንሸራተታቸው፣ ወይም በአሮጌው ደብረ ዘይት መንገድ ዳር ባጃጅ ገፍቶ የጣላቸው አባት «ምንም አልሆንኩም» ብለው ተነሱ እንበል። በአረጋውያን አንጎል ላይ የተወጠሩት ትንንሾቹ የደም ሥሮች በቀላሉ ይበጠሳሉ፤ ደሙ ቀስ እያለ ለሳምንታት ይጠራቀማል፤ ሰውየው ይፈዛሉ፣ ይተኛሉ፣ ስም ይሳታሉ። ቤተሰቡ «ጃጁ» ይላል። እኚህ ሰው የሚያስፈልጋቸው ሲቲ ስካን ነው፤ በዚያው ቀን። ከዚያ የራስ ቅል ተበስቶ ደሙ ይፈስሳል፤ ብዙዎች ይመለሳሉ። ይህንን የሚሠሩ ሐኪሞች አገር ውስጥ አሉን፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን ከጀመረ ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቆይቷል። ግን ማን ነው እኚህን አባት ከሌላው የሚለያቸው? «ወድቀው ያውቃሉ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ካልተጠየቁ ምን ይሆናል? ኤምአርአይ ይታዘዝላቸዋል፤ ዕቁብ እስኪወጣ፣ ከውጭ ብር እስኪላክ ወር ይቆያሉ፤ ደሙም ወሩን ሙሉ እየጨመረ ይቆያል። «ሁሉም ይነሳ» ማለት ለእኚህ ሰው ወረፋ ማስረዘም ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

አካሄዱም እንዲሁ ነው። እግራቸው መሬት ላይ የተለጠፈ ይመስል እየጎተቱ የሚራመዱ፣ ሽንታቸው ያመለጣቸው፣ መርሳትም የጀመሩ ሰው ሲገቡ፣ ሐኪሙ ከወንበሩ ተነስቶ እስከ በሩ ድረስ አራምዶ ቢያያቸው የአንጎል ፈሳሽ መብዛትን ይጠረጥራል። ያ ጥርጣሬ ወረቀት ላይ ሲጻፍ ምስሉ ትርጉም ይኖረዋል። የካናዳ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በጋራ የተስማሙበት ዝርዝር ይህንኑ ነው የሚለው፦ ከ60 ዓመት በታች የሆነ፣ በአንድ ወይም በሁለት ወር የተዳከመ፣ በቅርቡ ጭንቅላቱን የተመታ፣ ካንሰር የነበረበት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ አካሄዱ የተዛባ፣ አንድ ጎኑ የሰነፈ። ይህን ዝርዝር ግድግዳ ላይ ለመለጠፍ ስንት ብር ይፈጃል?

ፈተናው ያዳላል የተባለውም ልክ ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣው ባለ 30 ነጥብ ፈተና ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ ይህን ቅርጽ ቅዱ ይላል፤ እርሳስ ጨብጠው የማያውቁ እናት ሳይታመሙ ይወድቁበታል። ዛሬ ቀኑ ስንት ነው ብሎ ጠይቆ በፈረንጅ አቆጣጠር መልስ የሚጠብቅ ጠያቂም አይጠፋም። አቃቂ ዙሪያ ደግሞ በአፋን ኦሮሞ አፋቸውን የፈቱ አዛውንት ሞልተዋል፤ በአማርኛ ገበያ ይውላሉ፣ በአማርኛ ሲፈተኑ ግን ቃል ያጥራቸዋል። ይህ ሁሉ ግፍ ነው። ግን ከመጥፎ ፈተና ወደ ማሽን መሸሽ ምን ይሉታል? መፍትሔው ጥሩ ፈተና ነው፤ እሱም አለ። ናይጄሪያ ኢባዳን ውስጥ ከአሜሪካዋ ኢንዲያናፖሊስ ጋር እየተነጻጸረ ለዓመታት በተካሄደው ጥናት ያገለገለው መለኪያ፣ ያልተማረውን እንዳይበድል ተብሎ የተዘጋጀ ነው፤ ግማሹ ጥያቄ ለታካሚው፣ ሌላው ለዘመድ ነው። ታንዛኒያ ውስጥ፣ ኪሊማንጃሮ ሥር ባለችው የሃይ ወረዳ የተሞከረው ደግሞ ባለ ስድስት ጥያቄ ነው፤ ብዕር አያስጨብጥም። አራት የክብሪት እንጨት ጠያቂው ባሳየው መልክ ማስተካከል፣ በአንድ ደቂቃ የሚያውቋቸውን እንስሳት መጥራት፣ የተነገሩ ቃላትን ቆየት ብሎ ማስታወስ፣ እንዲህ ያለ ነገር ነው። ክብሪት ጠፍቶብን ነው?

ከዚህም የሚያይል መለኪያ እያንዳንዱ ቤት ውስጥ አለ። አርባ ዓመት ሙሉ ወር በገባ በ21 ማርያምን ሳይስሙ ውለው የማያውቁ እናት፣ በ19 ነጠላቸውን ለብሰው «ማርያም ናት» ብለው ወጡ እንበል። አንድ ቀን ከሆነ ማንም ይሳሳታል። በሚቀጥለው ወርም ሲደገም፣ ከዚያ ቡናውን አቦል ጠጥተው ሳለ «አቦሉን መቼ ነው የምታቀርቡት?» ሲሉ፣ የዕድሩን መዋጮ በሳምንቱ ለሁለተኛ ጊዜ ሲከፍሉ፣ አብራቸው የምትኖረው ልጅ ወይም የቤት ሠራተኛ ይህን አንድ በአንድ ታውቀዋለች። ምን ቀረ? መቼ ቀረ? ቀድሞ ምን ይችሉ ነበር? በሽታው የሚታወቀው ሰውየው ከራሱ ጋር ሲነጻጸር ነው። ምስሉ የዛሬውን አንጎል ነው የሚያሳየው፤ የአምናዋን ሴት አያውቃትም። የምታውቃት ልጅቱ ናት፤ እሷ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኮሪደር ላይ ቦርሳ ይዛ ትቀመጣለች፣ ማንም አይጠራትም።

ስለ ጆሮ አለመናገር አልችልም። አቃቂ የፋብሪካ ሠፈር ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ የሽመናው ማሽን ሥር ዕድሜያቸውን የፈጁ፣ ብረታ ብረት ሲቀጠቀጥ የኖሩ ጡረተኞች አሉ። ለዓመታት የሰሙት ጩኸት ጆሯቸውን ወስዶታል። የማይሰማ ሰው ጥያቄውን ሳይሰማ ሌላ ይመልሳል፤ ጨዋታ ያመልጠዋል፤ እየቆየ ዝም ይላል፤ ዝም ሲል «ፈዘዋል» ይባላል። የመስማት ችግር ደግሞ የመርሳት በሽታ መስሎ ከመምጣቱም በላይ ራሱ አጋላጭ ነው። በላንሴት መጽሔት ሥር የተሰባሰቡ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጡት ሪፖርት ሊቀየሩ የሚችሉ 14 አጋላጭ ነገሮችን ዘርዝረው፣ እነዚህ ቢስተካከሉ በዓለም ላይ ካለው የመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል ብለዋል። የመስማት ችግር ከግንባር ቀደሞቹ ነው፤ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ የማየት ችግር፣ ድብርት፣ ብቸኝነትም አሉበት። ኤምአርአይ ከተነሱት ጡረተኞች መካከል ስንቶቹ ጆሯቸው ታይቶላቸዋል? ግፊታቸውስ? ምስሉ በግፊት የተጎዱትን ትንንሽ የደም ሥሮች ጠባሳ ያሳያል፤ የግፊት መለኪያው ግን ጠባሳው ሳይመጣ ነበር የሚናገረው፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ በሁለት ደቂቃ።

«ለድሃ የድሃ ሕክምና» የሚለው ክስ ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ሀብታሞቹ ምን እንደሚያደርጉ ሳያዩ ነው የሚናገሩት። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ ከታካሚውና ከሚያውቃቸው ሰው ታሪክ መውሰድ፣ ከዚያ አካልን መመርመር፣ የደምና የሽንት ምርመራ፣ የማስታወስ ፈተና። ምስል የሚመጣው ወደ ስፔሻሊስት ከተላኩ በኋላ ነው፤ በሽታው የጸና፣ ዓይነቱም የታወቀ ከሆነ ላያስፈልግ ይችላል ይላል። ያ አገር ማሽን አጥቶ ነው? የዓለም ጤና ድርጅትም ስፔሻሊስት ላልሆኑ የጤና ባለሙያዎች ባዘጋጀው የአእምሮ ጤና መርሐ ግብር ውስጥ የመርሳት በሽታ አንዱ ክፍል ነው፤ ኢትዮጵያም ቀድመው ከጀመሩት አገሮች አንዷ ናት። የሀብታሙን አገር ሕክምና መቅዳት ካማረን ከመጀመሪያው ገጽ እንቅዳው። እኛ የምንቀዳው የመጨረሻውንና ውዱን ገጽ ነው።

መድኃኒቱ መጣ ለሚሉኝ አጭር መልስ አለኝ። ሌካኔማብ በ2023 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አገኘ። ሲወጣ በየሁለት ሳምንቱ በደም ሥር ይሰጥ ነበር፤ የዓመት ዋጋውም 26,500 ዶላር ነበር። በጥናቱ፣ በ18 ወር ውስጥ መድከሙን በ18 ነጥብ መለኪያ ላይ ከግማሽ ነጥብ ባነሰ አዘግይቷል፤ ከወሰዱት 12.6 በመቶው ላይ ደግሞ የአንጎል እብጠት በምስል ታይቷል፤ ስለዚህ ተደጋጋሚ ኤምአርአይ ግድ ነው። ለዚህ ሲባል ነው የአንድ ጡረተኛ የብዙ ወር አበል ዛሬ ፊልም ላይ የሚውለው? ከነገሩ ጦም እደሩ።

የቀረው እርግጠኝነት ነው፤ ጭቅጭቁን ይዘጋል የተባለው። ይህ ከሁሉ የሚጎዳው ስሕተት ነው። የአልዛይመር በሽታ በጀመረበት ጊዜ ሲቲም ኤምአርአይም ደህና ሊመስል ይችላል። የናይስ መመሪያም በሲቲ ወይም በኤምአርአይ ውጤት ብቻ ተመርኩዛችሁ አልዛይመር የለም አትበሉ ብሎ ያስጠነቅቃል። አሁን ያንን ውጤት ይዞ የተመለሰ ቤት አስቡ። «ምንም የለባቸውም ተባለ!» ተባለ፤ እልል ተባለ። በማግስቱ እናት ብራቸውን አጡ። ፍራሽ ሥር የደበቁት ራሳቸው ናቸው፤ መደበቃቸውን ግን አያስታውሱም፤ ይህ የበሽታው የታወቀ ጠባይ ነው። ብሩ የለም፤ ስለዚህ ሌባ አለ። ማን ናት? ከገጠር የመጣችው የቤት ሠራተኛ። ማሽኑ እናቲቱ ደህና ናቸው ብሏል፤ እንግዲያው እውነት የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። ልጅቱ ልብሷ ተፈትሾ፣ ደመወዟ ተይዞ፣ በር ላይ ትቆማለች። ሌላው ቤት ደግሞ ልጅ እናቱ ላይ ይጮኻል፦ «ኤምአርአይ ደህና ነሽ ብሏል፣ ሆን ብለሽ ነው!» መተትም ቢሆን ሥራውን አይፈታም፤ «ሐኪም ያላገኘው ነገር» ከተባለ መንፈስ ከመሆን ሌላ ምን ይቀረዋል? ጭቅጭቁን የሚዘጋው አንድ ሰው ቤተሰቡን አስቀምጦ «ይህ በሽታ ነው፤ ስሙ ይህ ነው፤ ብር ይደብቃሉ፣ ይረሱታል፣ ሰው ይጠረጥራሉ፤ አትከራከሯቸው፤ ቁልፉን እንዲህ አድርጉ፤ እሳቱን እንዲህ አድርጉ» ሲል ነው። ይህንን ፊልም አይናገርም።

ጊዜ የለንም ይባላል። አቃቂ ቃሊቲ ጤና ጣቢያ ውስጥ ወረፋውን ላየ ሰው ይህ ሰበብ አይደለም፤ ግማሽ ሰዓት ለአንድ አዛውንት ማለት ብዙ ነው። ግን ግማሽ ሰዓቱን ሐኪሙ ብቻ ለምን ይሸከመዋል? የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ለቤት ትሄዳለች፤ ቤቱን ታውቀዋለች፤ አብራ የምትኖረውን ልጅ በስሟ ትጠራታለች። ክብሪቷን ይዛ፣ በእናቲቱ ቋንቋ፣ ስድስቱን ጥያቄ መጠየቅ አያቅታትም። መቼ ጀመረ፣ ምን ቀረ፣ ወድቀው ነበር ወይ የሚለውን ጽፋ ብትልክ ሐኪሙ ጋ ሲደርሱ ግማሹ ሥራ አልቆ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ሥልጠናና አንድ ገጽ ቅጽ ነው። ለአንድ ኤምአርአይ ማሽን ግዢ ሪባን ይቆረጣል፣ ካሜራ ይመጣል፤ ለአንድ ገጽ ቅጽ ማን ሪባን ይቆርጣል?

እንግዲህ አቋሜን ሳላለዝብ ልድገመው። አዛውንቱን ሳይጠይቁ፣ አብሯቸው የሚኖረውን ሳይሰሙ፣ ግፊታቸውን ሳይለኩ፣ ጆሯቸውን ሳያዩ፣ ክኒናቸውን ሳይቆጥሩ፣ የታይሮይድ፣ የቢ12፣ የስኳር፣ የኤችአይቪና የቂጥኝ የደም ምርመራ ሳያደርጉ ወደ ማሽን መስደድ ምርመራ አይባልም፤ ምርመራውን ለማሽን አስረክቦ እጅን መታጠብ ነው። የወደቁት፣ በሳምንታት የተዳከሙት፣ እግራቸው የተሳሰረው፣ አንድ ጎናቸው የሰነፈው፣ ዕድሜያቸው ገና የሆነው በዚያው ቀን ሲቲ ይነሱ፤ ቤተሰቡ ባይኖረው እንኳ መንግሥት ይክፈልላቸው፤ ያለ ምክንያት ከሚነሱት የሚተርፈው ለእነሱ ይዋል። ሌላው ሰው ሁሉ ወደ ማሽኑ የሚሄደው ወረቀቱ ላይ ጥያቄ ተጽፎለት ይሁን፤ ምን ተጠርጥሮ፣ ምን ተፈልጎ፣ ቢገኝስ ምን ሊደረግለት እንደሆነ። ያ ቦታ ባዶ ሆኖ የመጣ ወረቀት፣ የጻፈው ሐኪም ማንም ይሁን ማን፣ ከምርመራ ክፍሉ በር ላይ ይመለስለት።